ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት

ሸኩር የሰው ስም ይጠፋበታል፤ የብስክሌቱ ድምፅ ግን አይጠፋበትም። ካጎነበሰበት ቀና ሳይል፣ «ያ የሸማኔው ነው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ይነካል» ይላል። «ይቺ የአስተማሪዋ ናት፤ ካቴናዋ ዘይት ጠምቶታል» ይላል። ጅማ መርካቶ፣ ከእህል ተራ ወደ ጨርቅ ተራ በሚወስደው መንገድ አፍ ላይ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ብስክሌት ሲጠግን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሰፈሩ «አባ ቸርኬ» ይለዋል። የድሮ ሹማምንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ በነበረበት አገር፣ ፈረስ የሌለው ሰው በቸርኬ ቢጠራ ማን ይከፋዋል?

ዘንድሮ፣ ቡና ለቀማ በተጀመረ ሰሞን፣ አንድ ድምፅ ቀረበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚመጣ፣ ሦስት ጊዜ ሲጥ ብሎ አንዴ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር፤ የሳሊሀ። ሳሊሀ ጨርቅ ተራ ልብስ ጠጋኝ ናት። ገና በልጅነቷ እግሮቿ ስለከዷት፣ በእጅ በሚዘወር ባለሦስት ቸርኬ ብስክሌት ትሄዳለች። የሠራላት ራሱ ሸኩር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ፈታ፣ ከአንድ የተጣለ የቢሮ ወንበር ጋር በየዳቸው፣ ፔዳሉን ከእግር አንስቶ ደረቷ ፊት አቆመው። ያን ቀን ምርቃት ጎረፈለት። እንግዳ በመጣበት ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያወራው ያንኑ ነው።

ድምፁ በቀረ በመጀመሪያው ቀን፣ አሟት ይሆናል አለ። በሦስተኛው፣ ዘመድ ሞቶባት ይሆናል አለ። ሁለት ሳምንት ሞላ። ቤቷ ሩቅ አይደለም፤ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ግን ሄዶ አልጠየቀም። ሆዱ አንድ ነገር ጠርጥሮ ነበርና፣ ሄዶ ሊያረጋግጠው አልፈለገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸኩር ከባጃጅ ጋር ቂም አለው። አንድ ጊዜ ዳሱ ፊት አሥራ አራት የኪራይ ብስክሌቶች ይደረደሩ ነበር። የጅማ ወጣት በሰዓት ተከራይቶ፣ ወድቆ፣ ጉልበቱን ልጦ ብስክሌት የተማረው እሱ ዘንድ ነው። ባጃጅ ሲመጣ ኪራዩ ሞተ። ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ፈትቶ መለዋወጫ አደረጋቸው። ስለዚህ ባለፈው ግንቦት፣ መንገዱ እንደ አዲስ ሲሠራ ጠርዙ ላይ ለብስክሌት ብቻ የሚሆን መንገድ ይወጣለታል ሲባል፣ ዳሱ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዐይኑን ጠረገ።

የዚያን ሰሞን ነው ጽዮናዊት የመጣችው። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ግቢ፣ ተምራ የወጣች፣ የመንገዱን ንድፍ ከሚሠሩት ጋር የምትሠራ ወጣት ናት።

«ጋሽ ሸኩር፣ ይህን መንገድ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም ብለውኝ ነው» አለችው።

«ማን እንዳለሽ ባላውቅም አልዋሸሽም» አለና መቀመጫ አሳያት።

«መግቢያው ላይ የብረት ችካል ይተከላል፤ ባጃጅ እንዳይገባ። በችካሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ይሁን?»

ሸኩር አንድ ብስክሌት አቁሞ መሪውን በስንዝሩ ለካ። ሦስት ስንዝር ሆነ። አራት ጣት ጨመረበት። «ይህን ያህል።»

«አይጠብም? ሜትር ትንሽ አለፍ ብናደርገው ብለን ነበር።»

«ልጄ፣ የባጃጅ ነጂን አታውቂውም። ሜትር ከሰጠሽው ባጃጁን አቅጥኖ ይገባል።»

ጽዮናዊት ሳቀች። ከዚያ ማስታወሻዋን አየችና፣ «ከብስክሌት ሰፋ ያለ ነገር ይዞ በዚህ የሚያልፍ ሰውስ የለም?» አለች።

«የለም» አለ ሸኩር።

ጻፈች፤ ፈረመላት። ክረምቱ ሲወጣ ችካሎቹ ተተከሉ። ሸኩር በየማለዳው እየሄደ በመዳፉ ይዳብሳቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ ሙርሺድ የሚባለው ነጂ ባጃጁን ዳሱ ፊት አቆመ። ጣሪያው ላይ የሳሊሀ ብስክሌት በገመድ ታስሯል፤ አንዱ የኋላ ቸርኬው እንደ ቂጣ ታጥፏል። ሳሊሀ ኋላ ወንበር ላይ ናት። ክርኗ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ» አለች። «ይህን ነገር አምጥቼልዎታለሁ። ፈትተው ለሌላ ይጠቀሙበት። እኔ ከእንግዲህ ቤት ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን እሆናለሁ። ችካሉ አላሳልፍ አለኝ፤ በአስፋልቱ ሄድኩ። ከአጋሮ ቡና ጭኖ የመጣ አይሱዙ ጡሩንባ ሲነፋብኝ ደነገጥኩና ቦይ ውስጥ ገባሁ። አልሃምዱሊላህ፣ ክርኔ ብቻ ነው።»

«ችካሉን የለካው ሰው ቀጭን መሆን አለበት» አለ ሙርሺድ ገመዱን እየፈታ። «በራሱ ሆድ ነው የለካው። እኛ ላይ ተማክረው፣ እሷን ዘጉባት። አባ ቸርኬ፣ እርስዎ እንኳን ደስ ብሎዎታል መቼም።»

«ማሎ፣ እባክህ ተወው» አለች ሳሊሀ። «የለካው ሰው እኔን አያውቀኝም። ቢያውቀኝ እንዲህ አያደርግም።»

ሸኩር ጎንበስ ብሎ የታጠፈውን ቸርኬ ዳበሰ። «እሺ፣ ተዪው፤ ልየው» ብቻ አለ። ባጃጁ እያጓራ ሄደ።

መፍቻ አነሳና ብስክሌቱን ለመፍታት ተቀመጠ። የመጀመሪያዋን ብሎን ሲይዝ ወንበሩን አየው፤ ያን የተጣለ የቢሮ ወንበር። ግንቦት ላይ ጽዮናዊትን ያስቀመጣት እዚህ ላይ ነበር። ሳሊሀ ያን ቀን ጎማ ለማስለጠፍ ትታው በባጃጅ ሄዳ፣ አንድ ቸርኬው ወልቆ፣ ድንጋይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ለልጅቷ ጉራውን ነዝቶባታል። ልጅቷም ዳበስ አድርጋው አድንቃለች። ከዚያ እዚያው ላይ እንደተቀመጠች፣ ከብስክሌት የሚሰፋ የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም አላት።

«አስተግፊሩላህ» አለ ሸኩር ለብቻው። መፍቻውን አስቀመጠ።

የታጠፈውን ቸርኬ ሲያቃና፣ ሽቦውን ሲወጥር ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሲጨርስ ያላሰበውን አደረገ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ረጃጅም እግሮቹን ሰበሰበና ፔዳሉን በእጁ አዞረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ተቀምጦበት አያውቅም።

የባጃጅ ነጂዎቹ ተራቸውን ሲጠብቁ አዩት። «አባ ቸርኬ ጡረታ ወጡ» አለ አንዱ። ሌላው፣ «ሠሪው ሊሞክረው ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት» አለ። ሸኩር አልመለሰላቸውም። ችካሎቹ ጋ ደረሰ። የፊቱ ቸርኬ ገባ፤ የኋላዎቹ ሁለቱ ብረቱን መትተው ቆሙ። ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ፔዳሉ ወደ ኋላ አይሠራም። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን በእጁ እየጎተተ፣ መዳፉ እየተላጠ ወጣ። የቀረው አስፋልቱ ነው።

መንገዱን ዕድሜ ልኩን ቆሞ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ወንበር ላይ ሲታይ ሌላ አገር ነው። የጭነት መኪናው ጎማ ከፊቱ ትይዩ ይሽከረከራል፤ ጭሱ አፉ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ሁሉ ወገብ ብቻ ነው። ከኋላው ጡሩንባ ሲነፋ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ። ከመስጊዱ ጀርባ፣ የሳሊሀ ደጅ ደረሰ።

ሳሊሀ ግቢው ውስጥ፣ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ በእጅ የሚዞረውን ስፌት መኪናዋን ይዛለች። አየችውና ዞር አለች፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሳ አየችው።

«አልፈቱትም?»

«ነድቼው መጣሁ።»

«በየት በኩል?»

«በአስፋልቱ።»

«ሌላ በየት ይመጣል» አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

ሸኩር ከወንበሩ ሳይወርድ፣ «ችካሉን የለካሁት እኔ ነኝ» አለ።

መኪናው ቆመ።

«ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ይበቃል አልኩ። ልጅቷ ከብስክሌት የሰፋ የሚይዝ ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ የለም አልኳት። ያንቺው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የጠየቀችኝ። ሁለት ሳምንት ስትጠፊም ገብቶኝ ነበር። ዝም አልኩ።»

ሳሊሀ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣች፤ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ምን ያዩ ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ሥራዬን» አለ።

ራሷን ነቀነቀች፤ መልሱን ቀድማ እንደምታውቀው ሰው።

«አውፍ በይኝ ሳሊሀ፤ ይቅር በይኝ።»

«አውፍታው ይቆየን። መጀመሪያ ልጅቷ ዘንድ እንሂድ። ግን ብቻዎን ሄደው እንዳይለኩ። ያኔም ብቻዎን ለክተው ነው።»

በማግስቱ ሙርሺድ ሁለቱንም፣ ብስክሌቱን ከላይ አስሮ፣ ወደ ጽዮናዊት ቢሮ አደረሳቸው። ሸኩር ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ሙርሺድ በመስታወቱ አየት አድርጎት ሞተሩን አስነሳ።

ጽዮናዊት ሰምታ ስትጨርስ መዝገቡን አወጣች። የሸኩር ፊርማ እዚያ አለ፤ ከሥሩም «የመንገዱ ተጠቃሚዎች ተጠይቀዋል» ይላል።

«ማሻሻያ ብዬ ልጻፈው ጋሽ ሸኩር? እርስዎንም አያስወቅስዎትም።»

«ማሻሻያ አይደለም» አለ። «የለም ያልኩት ሰው አለች ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ሲፈርም እጁ ከበፊቱ ይልቅ ቀሰስ አለ። ጽዮናዊት በመስኮቱ አሻግራ ደጅ የቆመውን ወንበር አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እኮ ተቀምጬበት ነበር» አለች።

መግቢያው ጋ ሄደው ሳሊሀን ብስክሌቷ ላይ አስቀምጠው ለኩ። ሸኩር ስንዝሩን ከጎማ እስከ ጎማ ሊዘረጋ ሲል፣ «አይደለም» አለች። «ስነዳ ክርኔ ነው የሚወጣው። ከክርን እስከ ክርን ይለኩ።» ፔዳሉን ይዛ አሳየችው። ጨርቁን ፈትታም፣ ክርኗ ላይ ተደራርበው የደረቁትን የቆዩ ጠባሳዎች አሳየችው፤ የቦዩ ብቻ አልነበሩም፤ የበር ነበሩ፣ የአጥር ነበሩ፣ የዘጠኝ ዓመት ነበሩ። ብስክሌቱን የሠራው ሰው ይህንንም አያውቅም ነበር። አምስት ስንዝር ሞላ።

ከሃያ ቀን በኋላ ችካሎቹ ተቆርጠው በአምስት ስንዝር ተተከሉ። ሙርሺድ ለቀልድ ብሎ ባጃጁን አስጠጋ፤ የፊት ጎማው ገባ፣ ጎንና ጎኑ ብረቱን ነክቶ ቆመ። «አልገባም» አለ ወደ ዳሱ እየጮኸ። «አባ ቸርኬ፣ ይደሰቱ።»

ሸኩር ግን አልተደሰተም። አምስት ስንዝር ባጃጅ አያሳልፍም። ግንቦት ላይም አያሳልፍም ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድምፁ ተመለሰ። ሳሊሀ ትመጣለች፤ በአዲሱ መንገድ ታልፋለች፤ አትቆምም። ሸኩር ያን ድምፅ ሲሰማ ቸርኬው ላይ ይበልጥ ያጎነብሳል። አንድ ቀን ግን ዳሱ ፊት ቆመች።

«ካቴናው ዘይት ይፈልጋል ጋሼ።»

ዘይት አምጥቶ፣ ቀለበት ለቀለበት እየጠበቀ አጠጣው። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አውፍ አላልሽኝም» አላት።

ሳሊሀ ፔዳሉን ጨበጠች።

«ሳልፍ ቀና ይበሉ» አለችና ሄደች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሩቅ ሲጥ ሲል ሰማ። መፍቻውን መሬት አስቀመጠ፤ አንገቱንም ቀና አደረገ። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። ከንፈሯን ነክሳ፣ ክርኖቿን እንደ ክንፍ ከፍታ ነበር የምትመጣው። እሱን አላየችውም፤ መንገዷን ነበር የምታየው። ጨርቅ ተራ ገብታ እስክትሰወር ድረስ ሸኩር አላጎነበሰም።