ነጎድጓድ እና የእንግሊዝኛው ደብዳቤ

ደብዳቤው ተቀደደ። አራት ቦታ፣ ያውም በጻፈው ሰው በራሱ እጅ። የማን ደብዳቤ እንደሆነ ሳልናገር የምሥራቹን በማስቀደሜ አትቀየሙኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ አፌ አልዘጋ ብሎኛል። በታላቅ እህቴ ላይ የተጻፈው ነው።

እህቴ በጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል የፈረቃ አለቃ ናት። የሥራ ጓደኞቿ ነጎድጓድ ይሏታል። ስልሳ ማሽን በአንድ አዳራሽ ሲንጓጓ ደወልም ፊሽካም አይሰማም። ስለዚህ የአዳራሹ ደንብ አንድ ነው፤ የእሷ ድምፅ ከተሰማ፣ የተጠራው ማንም ይሁን ማን፣ ሁሉም ማሽኑን አቁሞ እጁን ወደ ላይ ይሰቅላል። ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእሷ ፈረቃ አንድ ጣት አልተቆረጠም። እርግጥ ቤት ስትገባም መቀነሻ የላትም፤ ጨው አቀብሉኝ ስትል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ የክፍል ኃላፊ፣ ያ ፎቅ ላይ ካለው የመስታወት ክፍሉ የማይወጣው፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ዳግመኛ ከጮኸች ትሰናበታለች። ጡረታዋ ሊደርስ ሦስት ዓመት ሲቀረው። ጥፋቷም በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰፍሯል፤ ቮሲፈረስ።

በሬን ሳታንኳኳ ገባች። "መዝገበ ቃላትህን አውጣ። ይሄ ሰውዬ ምን ብሎ እንደሰደበኝ ልወቅ።"

ገለጥኩ። "ጯሂ ማለት ነው፤ ድምፁን አውጥቶ የሚንጫጫ" አልኳት፣ በተቻለኝ መጠን አለስልሼ።

የአንገቷ ሥር ተገታተረ። "ለሰው ጣት ስል የጮኽኩትን ነው መንጫጫት የሚለው? እሱ ጆሮውን በመስታወት ደፍኖ?"

"ቆይ እትዬ፣ መዝገበ ቃላቱ የቃሉን ሥረ መሠረትም ጽፎታል። ከላቲን የመጣ ነው፤ ድምፅና መሸከም ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ። ድምፅ ተሸካሚ እንደማለት።"

ትረጋጋለች ብዬ ነበር። ባሰባት።

"አየህ? ከስንት ዘመን በፊት የሞቱት ሰዎች እንኳ ሸክም መሆኑ ገብቷቸዋል። እዚያው ፎቅ ላይ ያለው ሳይገባው።"

ይግባኝ አለች። እስኪታይ ድረስ ግን ከአዳራሹ አገዷት። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ተቀምጣ ወንበር ስትገፋ፣ ድስት ስትከድን፣ ንዴቷ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ይግባኙን የሚያየው የፋብሪካው ኮሚቴ ዛሬ ጠዋት ተሰበሰበ። ቃሉን አስረዳልኝ ብላ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። ላቲኑን ዘርዝሬ ተናገርኩ፤ ማንም አልተደነቀም። ኃላፊው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ "በሠለጠነ መንገድ፣ በዝግታ መነጋገር ይቻላል" አለ። በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። እህቴ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እኔ እስክፈራ ድረስ ዝቅ አደረገች።

"እሺ ጌታዬ። ይምጡና ሠራተኞቹን በዝግታ ያስቁሟቸው።"

ሁላችንም ወደ ሽመናው አዳራሽ ወረድን። ወለሉ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ "ቁሙ" አለ። ምንም የለም። ጉሮሮውን ጠርጎ ጮኸ። ፊቱ እስኪቀላ ደገመ። ሁለት እርምጃ የማትርቀው ሠራተኛ እንኳ ዘወር ሳትል የተበጠሰ ክሯን ትቀጥላለች።

እህቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠራች።

ስልሳ ማሽን ቀጥ አለ፤ መቶ ሃያ እጅ ተሰቀለ። ኃላፊውም ሳይታወቀው፣ ደብዳቤውን እንደጨበጠ፣ እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አልሳቁም። "እዚሁ ይቅደዱት" አሉት።

በደስታ ላቅፋት ስል በክርኗ ገፋችኝ። "ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ንዴቴ አልተቀደደም። ነገ ይቅርታውን ጽፎ ያምጣ፤ እኔ በማነበው ቋንቋ።" ብላ ወደ ማሽኖቿ ሄደች።

ታናሽ እህታችን ገና አልሰማችም፤ ስልኳ ዝግ ነው። ይህን የምጽፈው አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ነው፤ ስልኳን እስክትከፍት ብቆይ ለምሥራቹ ሰው ይቀድመኛል። ሄድኩ።