ሸጋላ

ኮምቦልቻ ላይ ዝናብ ጥሎ ያረጠበው ገለባ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ እኔ ኻርቱም ነኝ። እዚያ በሙቀቱ ወራት ቤት የሚያቀዘቅዝልን መስኮት ላይ የተገጠመ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ነበር፤ ጎንና ጎኑ ገለባ ተጠቅጥቆበት፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት፣ ማራገቢያው ሲዞር ያንን ሽታ በክፍሉ ሁሉ ይረጨው ነበር። ሌላው ሰው ኻርቱም ሲባል ዓባይ ይታየዋል፤ የእኔዋ ኻርቱም ግን ገለባ ገለባ ትሸታለች።

በስምንት ዓመቴ፣ በዚያው በሐሩሩ ወቅት፣ ከአክስቴ ጋር ከወሎ ተነስቼ ቡሪ ሰፈር ከምትኖረው እናቴ ዘንድ ገባሁ። የተከራየንበት ግቢ ሰባት ክፍል ነበረው፤ ነዋሪዎቹ ሁሉ የወሎ ሴቶች ሆነው፣ አል-ማንሺያና አል-ጣኢፍ በሚባሉ ሰፈሮች ባሉ የሀብታም ቤቶች ይሠሩ ነበር። እናቴ ከዲጃ ግን በመካከላቸው ልዩ ክብር ነበራት፣ የምትሠራው ሲት ረባብ ቤት ነዋ! ሲት ረባብ፣ ማለትም እመቤት ረባብ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በቴሌቪዥን ታዋቂ ሰዎችን እየጋበዘች የምታጫውት፣ ከተማው ሁሉ የሚያብድላት ሴት ነበረች።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሴቶቹ ይከቧት ነበር።

«ዛሬ ምን በላች?»

«እንደ ሰው በአፏ ነው የምትበላው» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ጎረቤታችን እቴቴ ዘሀራ፣ ያን የምታህል ትልቅ ሴት፣ የሲት ረባብን ባዶ የሽቶ ጠርሙስ እናቴን ለምና አስመጥታ፣ ውሃ ጨምራ እየናጠች ለዒድ ትቀባው ነበር። እኔም አልቀረሁም፤ ማንኪያ እንደ ማይክሮፎን ይዤ ግድግዳውን ጥያቄ በጥያቄ አደርገው ነበር።

ዓርብ የሁሉም የዕረፍት ቀን ስለነበር፣ ሲት ረባብ አዲስ ስትገዛ ለእናቴ በሰጠቻት አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። አንድ ዓርብ እንግዳው ዘፋኝ ነበር፤ ሲት ረባብ ከቤቷ ያመጣችውን የባሚያ ወጥ ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። «ከዲጃ፣ ያንቺ ወጥ ነው!» ብለው ሴቶቹ ተንጫጩ። ሲት ረባብም ፈገግ ብላ ሳህኑን እያሳየች «ዲ ሸጋልቲ ሰወታ» አለች። ዐረብኛ ገና ስላልገባኝ ጆሮዬ የያዘው አንዲት ቃል ብቻ ነው። እኛ አገር ሸጋ ከተባለ ሌላ ምን ይቀራል? ዘልዬ ተነሳሁና «እማዬን ሸጋ አለቻት!» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እናቴ ተነስታ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ከዚያ እቴቴ ዘሀራ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢያችን ቆንጆ ልብስ የለበሰች ሁሉ «ሸጋላ ሆነሻል» ትባል ነበር፤ የማይስቁበት ቀን አልነበረም፣ እኔ ግን የሚስቁት በደስታ ይመስለኝ ነበር።

ኸሪፍ ገብቶ፣ ዝናቡ የቡሪን መንገድ ጭቃ ሲያደርገው፣ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህርቷ እያንዳንዳችንን ስለ እናታችን ስትጠይቅ፣ ምን እንደጠየቀችኝ በቅጡ ሳይገባኝ ተነስቼ፣ ደረቴን ነፍቼ «ኡሚ ሸጋላ!» አልኩ። ማንም አልሳቀም። መምህርቷ ራሷን ነቅንቃ መዝገቧ ላይ ጻፈችው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን ቃሉን እንደ ጌጥ ደጋግሜ ስልባት ግራ ገብቷት፣ ጎንበስ ብላ በእጇ ወለል መወልወል አሳየችኝ፤ ድስት ማጠብም አሳየችኝ። ሸጋላ የቤት ሠራተኛ ማለት ነበር፤ ሲት ረባብም ያን ዓርብ ያለችው «ይህን ሠራተኛዬ ሠራችው» ነበር።

ጭቃውን እየረገጥኩ፣ እያለቀስኩ ቤት ደረስኩ። ያፈርኩት በእናቴ ሥራ አልነበረም፤ ሁሉም እያወቁ እኔን ማሞኘታቸው አንገበገበኝ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«እንዴታ! አምስት ዓመት ሙሉ የተጠራሁበትን?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ ሸጋ ስትይኝ ደስ አለኝ» አለችና ጭቃ የነካውን እግሬን ማጠብ ጀመረች። ጭቃውን እያስለቀቀች «ሥራዬ አያሳፍረኝም። ሲት ረባብ ቤት ውስጥ ከዲጃ እያለችኝ፣ ሰው ፊት ስሜ መጥፋቱ ነው የሚከፋኝ» አለች።

ብርዱ ገብቶ የቆርቆሮው ሳጥን ሥራ ሲፈታ፣ ሲት ረባብ ፕሮግራሟን ከገዛ ወጥ ቤቷ ለመቅረጽ አሰበች፤ ተመልካቹ ያንን የባሚያ ወጥ ሲሠራ ማየት ፈልጎ ነበር። በቀረጻው ቀን እናቴ እኔንም ይዛኝ ሄደች። መብራቱ በርቶ፣ ካሜራው ተተክሎ፣ አንዱ ሰውዬ «ያላ፣ ያላ!» እያለ ሲያጣድፍ፣ እናቴ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በዚያ የወጥ ቤት ዐረብኛዋ «አነ ኢስሚ ከዲጃ። ኢስሚ ማፊ፣ ጠቢኽ ማፊ» አለች። ስሜ ከሌለ ወጥም የለም ማለቷ ነበር።

ከተባረረች የተከራየነው ክፍልም፣ ትምህርቴም፣ ሁሉም ነገር እንደሚቀር አውቅ ነበር። ሲት ረባብ ፊቷ ቀላ፣ ሰውዬው ሰዓቱን አየ። እናቴ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። ሲት ረባብ ሽርጡን አነሳች፣ በገዛ እጇ ለእናቴ አሰረችላት፣ እሺም እምቢም ሳትል።

ስለዚህ ዓርብ እስኪደርስ ምን እንደምትል አናውቅም ነበር። «አብደሻል ከዲጃ፣ ወላሂ አብደሻል!» ስትል የሰነበተችው እቴቴ ዘሀራ ቴሌቪዥኑ ፊት ጥፍሯን ትነክስ ነበር። ወጥ ቤቱ ታየ፤ ሲት ረባብ እጇን እናቴ ትከሻ ላይ አድርጋ «ዲ ከዲጃ» አለች፤ «ከዲጃ፣ ሸጋልቲ»። ያን ቀን ማንም ማስተርጎም አላስፈለገውም። ሴቶቹ ገና ስሟን ሲሰሙ እልል ብለው የኋላውን ቃል ዋጡት፤ እቴቴ ዘሀራ አለቀሰች። እናቴ ብቻ ረጋ ብላ «አሁን ሆነ» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት ኮርቼ አላውቅም።

ኻርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበተንን፤ እኔና እናቴ ኮምቦልቻ ገባን፣ እሷም ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ አሁንም ታዋቂ ሰው ታዋቂ ሰውን ይጠይቃል፣ ልጆቹም እኛ ባዶ ጠርሙስ እንደለመንን ስልካቸውን ይዘው ከታዋቂ ሰው ጋር አንድ ፎቶ ይለምናሉ። እኔ ከኋላ ቆሞ ወጡን የሠራው ማን እንደሆነ ማሰቤን አልተውኩም። በራችን ላይ «ሸጋላ ምግብ ቤት» ይላል። የአገሩ ሰው ሸጋ ማለት ይመስለዋል፣ አናርመውም።

ባለፈው ሳምንት ከሱዳን የተመለሰች አንዲት ወጣት ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ጽሑፉን አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄን ስም ማነው ያወጣው?» አለች፣ በቁጣ።

«ልጄ ናት፣ በስምንት ዓመቷ» አለች እናቴ፣ ወንበር እየሳበችላት። «ግቢ፣ አብሽሪ። ስምሽ ማነው?»