የጋሼ ትንሿ በርጩማ

የአጎቴ አርባ ወጣ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሕይወታቸውን ሁሉ ልጽፍ አልችልም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም። አንድ ነገራቸውን ብቻ ላንሳ።

እዚህ አዳማ የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጋሼ አንዲት የሕፃን በርጩማ ይዘው ይሄዱ ነበር። ከሰብሳቢው ፊት ያስቀምጧትና፣ "ገንዘብ ያለው ልጁን የግል መዋዕለ ሕፃናት ያስገባል። የደሃው ልጅ የት ይቀመጥ? መንግሥት ንጹሕ ክፍል ሠርቶ፣ የሠለጠነች አስተማሪ ቀጥሮ ይክፈትልን" ይላሉ።

ሰው ይስቃል። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ልጅ የለዎትም!"

"ያላችሁት እናንተ ዝም ብላችሁ ምን ላድርግ?"

ዝም ካልነው አንዷ እኔ ነኝ። የአራት ዓመት ልጄ የምትውለው ቲማቲም በምሸጥበት መንገድ ዳር ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ደግሞ እንደ እኔ ወረቀት ሲሰጧት የምትደነግጥ ሆና እንዳትቀር እፈራለሁ።

እሁድ ስብሰባ ነበር። ጋሼ የሚቆሙበት ቦታ ባዶውን ዋለ። ሰብሳቢው ደብተሩን ሲዘጋ ተነሣሁና ከጋሼ ቤት ይዣት የመጣሁትን በርጩማ እዚያው አስቀመጥኳት።

"እህቴ፣ ጋሼ እኮ አርፈዋል" አለኝ ሰብሳቢው ቀስ ብሎ።

"ልጄ ግን አለች" አልኩት።

ደብተሩን መልሶ ከፈተው።

ሰው ፊት መናገር አሁንም እፈራለሁ፣ ጋሼ። በርጩማዋን ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ በሩ አጠገብ አድርጌያታለሁ።