ሰኞ ሰኞ የሚሻለው ጉልበት

ሰው ሲዋሸኝ ቶሎ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር። ጂም ውስጥ ብዙ ዓመት ያሠለጠነ ሰው እንደዚያ ያስባል። «እራት ከተውኩ ወር ሆነኝ» የምትለኝን ሴት፣ «ቤት ውስጥ ሠርቼዋለሁ» እያለ ዓይኑን ወደ መስኮት የሚያዞረውን ሰውዬ፣ ሁሉንም አያቸዋለሁ። አልከራከራቸውም። ደብተሬ ላይ ግን እጽፋለሁ። ሽሮ ሜዳ ለአባቴ ሽመና ክር ስጠቀልል አድጌ ፊደል የለየሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ነው መሰል፣ ከሰው አፍ ይልቅ የጻፍኩትን አምናለሁ።

የእኚህን ሴትዮ ነገር ግን ደብተሬም ለብዙ ሳምንት ሊነግረኝ አልቻለም።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። ስልሳዎቹን አጋምሰዋል፤ ሲቀመጡ ጀርባቸው ወንበር አይነካም። ቀጨኔ፣ ተወልደው ባደጉበት ግቢ ይኖራሉ። ወደ እኔ ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። ልጅየዋ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ከሥራ መልስ እኔ ዘንድ ትሠራ ነበር። ሐኪም የእናትየውን ቀኝ ጉልበት አይቶ መገጣጠሚያው እንደተበላ፣ የጭናቸው ጡንቻ ከጠነከረ ደግፎ እንደሚይዘው፣ እብጠቱ እየባሰ ከሄደ ግን ስለ ቀዶ ጥገና መነጋገር እንደሚኖርባቸው ነግሯቸዋል። ቀዶ ጥገና የሚለውን ቃል ልጅየዋ ስትናገር ድምጿ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ለአዲስ ሰው ሁሉ የምሰጠውን የጥያቄ ወረቀት ሰጠኋቸው። «ከዚህ ሌላ ሰውነትዎን የሚያደክም እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?» ለሚለው «የለም» ብለው ጻፉ፤ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ አላቸው። አንዱ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የረሳኋትን የጥያቄ ምልክትም በራሳቸው እስክሪብቶ ጨመሩልኝ። ወረቀቱን አዙረው አቀበሉኝና ተነሡ።

አስቸጋሪ ነበሩ። ሥራውን እምቢ አይሉም፣ ቁጥሩን ይከራከራሉ እንጂ። ወንበር ይዘው አሥራ አምስት ቁጭ ብድግ ሳዝዛቸው አሥራ ሁለት ላይ ቆም ብለው «ይበቃል ልጄ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «አሥራ አምስት ነው እትዬ» እላለሁ። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልቀነስኩላቸውም።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ይመጣሉ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ከጉልበታቸው ሎሚ ትንሽ ከፍ አድርጌ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ፤ ሜትሩን ሳላጠብቅ ሳላላላ፣ ሁልጊዜ እኔው። ሰኞ ሠላሳ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ረቡዕ አርባ ይደርሳል። ዓርብ አርባ ሁለት። በቀጣዩ ሰኞ ተመልሶ ሠላሳ ዘጠኝ። ሳምንት መጥቶ ሳምንት ሲሄድ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ቁጥሩን ሳልነካ ልምምዱን አቀለልኩት፤ እብጠቱ አልተለወጠም። ቀጥሎ ወጌሻ ጠረጠርኩ፤ ተደብቀው ሄደው የሚያሳሹት መሰለኝ። ስጠይቃቸው ሳቁ፤ ልጃቸው ብትሰማ እንደማትምራቸው ነገሩኝ። ውሃ ተሸክመው የሰፈራቸውን ዳገት ይወጡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ቧንቧው ግቢያቸው ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። መልሳቸው ሁሉ ፈጣንና የተስተካከለ ነበር፤ ያ ነው የበለጠ ያስጠረጠረኝ። ያላሰበ ሰው እንደዚያ አይመልስም።

አንድ ቀን የሱሪያቸው ጫፍ ከፍ ሲል ከሁለቱም ጉልበታቸው በታች ቆዳው ጠቁሮና ሻክሮ አየሁት። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሱሪያቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው እርጅና ነው አሉኝ። እርጅና ሁለቱም እግር ላይ እኩል፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ አይወጣም። ይህንንም ጻፍኩ። ስቆጥርላቸው ደግሞ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከእኔ ቁጥር ጋር ግን አይገጥምም። ይህንንም ጻፍኩ።

በዚህ መሐል ልጅየዋ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ከጂሙ ባለቤት ጋር ቆማ ጠበቀችኝ። እሷም ለካ ስትከታተል ኖሯል።

«እናቴ ቅዳሜና እሑድ ደህና ናት» አለችኝ። «ከአንቺ ጋር በምትሠራባቸው ቀናት ነው የምታብጠው። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

የእኔም ደብተር የሚለው ያንኑ ነው። ባለቤቱ እሷ ከሄደች በኋላ፣ ሳይቆጣ፣ አራቱ ሴቶች ከወጡ የማታው ክፍል ለእኔ ሊቆይልኝ እንደማይችል ነገረኝ። ቦታውን የሚፈልግ ዲፕሎማ ያለው ወጣት አሠልጣኝ አግኝቷል። እኔ ደግሞ ያቺን ክፍል ያገኘሁት አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ያን ጊዜ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። የምፈልገው ከሌሎቹ የማይመስል አንድ ሳምንት ነበር፤ ሁለት አገኘሁ። በአንደኛው ዓርብ ከረቡዕ አንሷል። ረቡዕ እንደወትሮው ሠርተናል፤ ስለዚህ የተለየው ሐሙስ ነው። ያን ሐሙስ አስታወስኩት፤ ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶት ታክሲያችን ቆማ ነበር። ሃያ አንድ፣ ማርያም ናት። በሌላኛው ሳምንት እብጠቱ የቀነሰው ረቡዕ ሲሆን ማክሰኞው አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው።

እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን። ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ሰው የበዓል ቀኑን ከድምፅ ማጉያው ያውቃል፤ ቀኑ ውስጥ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ግን አጥርቼ አላውቅም ነበር። ግቢያችን ያለችውን ጎረቤቴን በማርያም ቀን የማይሠራው ምንድነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ምነው፣ ልትጠመቂ ነው?» አለችኝ። ከሳቀች በኋላ እየቆጠረች ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ትንሽ ነገር፣ «ስግደትም የለም። ቅዳሜና እሑድም እንደዚያው» ብላ ልብሷን ማስጣቱን ቀጠለች።

ማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ለሴትዮዋ፣ ቤት እንዲሠሩ ያዘዝኳቸውን ልምምድ የሚሠሩበትን ወንበር ከፍታ ማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ግን እምቢ ለማለት ምክንያት አላገኙም። ሥራችንን ጨርሰን አብረን ወደ ቀጨኔ ሄድን። በጠባቡ ዳገት ላይ ክንዴን እንደያዙ ደረስን።

ወንበሩ ላይ የተተኮሰ ልብስ ተደርድሯል። ለወራት እንዳልተነሣ ያስታውቃል፤ ቤት ውስጥ ሠርቼዋለሁ ያሉኝ ሁሉ ውሸት ነበር። እኔ ግን የማየው ወለሉን ነው። ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ስጋጃ ተነጥፏል፤ ስጋጃው በአራት ቦታ ጸጉሩ አልቆ ክሩ ወጥቷል። ሁለቱ የጉልበት፣ ሁለቱ የመዳፍ። ከፊታቸው አምስተኛ አለ፤ ትንሽ፣ የግንባር።

«ስንት ነው?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጠዋት አርባ አንድ፣ ማታ አርባ አንድ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅሽኝ ስለ እንቅስቃሴ ነው። ጸሎት ስፖርት ነው እንዴ?»

«ጉልበትዎ ሲያብጥ ግን ያውቁ ነበር።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቀኖና መሆኑን ነገሩኝ፤ የንስሐ አባታቸው የሰጧቸው። ልጃቸው ስግደት ቢበዛ አትቃወምም፤ ቀኖና መሆኑን ካወቀች ግን በምን ምክንያት እንደተሰጠ ሳትጠይቅ አታድርም። ከእሷ በቀር በዓለም ላይ ማንም ቢሰማው ግድ የላቸውም።

የንስሐ አባትዎ ስለ ጉልበትዎ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። አልነገሯቸውም። ለታመመ ሰው በሌላ እንደሚቀየር እኔ እንኳ ሰምቻለሁ አልኳቸው።

«ስለማውቅ ነው ያልነገርኳቸው» አሉኝ። «ብነግራቸው ይቀንሱልኛል።»

«ይቀንሱልዎት!»

«አንቺ እኮ አሥራ ሁለት ስልሽ አሥራ አምስት ነው የምትይ ሴት ነሽ» አሉ። ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ ነበር። «አሁን ምን ነካሽ?»

የሚያም ነገር ካለ እኔም እንደምቀንስ፣ ግን ሰው ሊነግረኝ እንደሚገባ መለስኩላቸው። በሩ ላይ ስደርስ ለልጃቸው እነግራት እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነግራትም አልኩ። እርስዎ ግን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ አልኳቸው። «አያለሁ» አሉኝ።

ዳገቱን ስወርድ እፎይ ማለት ሲገባኝ ሌላ ነገር ያዘኝ። ሰማንያ ሁለት ስግደት የሚያሰጥ ምን ሠርተው ይሆን? የታይፒስት ኃጢአት ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ላይ የተጻፈ ደብዳቤ? ልጅየዋ የማታውቀው ነገር ስለ ልጅየዋ? መንገዱን ሙሉ እንደዚህ ስመረምር ቤቴ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ሳይ ጉልበታቸውን አልነበረም የማስበው፤ እሳቸውም አውቀውብኛል መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር።

ልጅየዋ በዚያው ሳምንት ፍርዷን ይዛ መጣች። እናቷ ለሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር አይሠሩም። ዓርብ ዓርብ መጥተው ይለካሉ ብቻ፤ የምለካውም እኔው፣ እሷና ባለቤቱ ቆመው እያዩ። እብጠቱ ከቀነሰ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ባለቤቱ ተገቢ ነው አለ።

ምን እንደተጠመደብኝ ወዲያው ገባኝ። ሴትዮዋ መስገዳቸውን ከቀጠሉ ጉልበታቸው ያብጣል፣ እኔ ነጻ እወጣለሁ። የለመንኳቸውን ከሰሙ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ጥፋተኛዋ እኔ እሆናለሁ። ሌላ የምለው ነገር ፈለግኩ፤ የፈለግኩት ሁሉ መጨረሻው ወደ ቀኖናው ይወስዳል። እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ዓርብ አርባ ሁለት ሆነ። ደስ አለኝ። የአንዲት አሮጊት ጉልበት በማበጡ ደስ እንዳለኝ ያወቅሁት ሜትሩን ከጠቀለልኩ በኋላ ነው። ልጅየዋ ግራ ገብቷት አንድ ሳምንት እንጠብቅ አለች።

በሁለተኛው ዓርብ ሱሪያቸውን ሲሰበስቡ፣ ሳልለካ አየሁት። ዙሪያው ጎድጎድ ብሎ የጉልበታቸው ሎሚ ጎልቶ ወጥቷል። ሜትሩን አዞርኩ። ሜትር ትንሽ ላላ ካደረጉት አንድ ሴንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ዝቅ ብለው ካነበቡት ደግሞ ሌላ ይጨምራል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሴትዮዋ ከላይ ቁልቁል ያዩኛል። ሳላጠብቅ ሳላላላ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አነበብኩት።

«ሠላሳ ስምንት ተኩል።»

«አየህ?» አለች ልጅየዋ፤ ለባለቤቱ ነው።

«የእሷ ጥፋት አይደለም» አሉ እናትየው።

ልጅየዋ ዞር አለች። «እና የማን ነው?»

ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይዘው እኔን አዩኝ። ሊናገሩ እንደሆነ አፋቸው ተከፍቶ ነበር። ልጅየዋ ደግሞ ጥያቄዋን የምትለቅ ሰው አይደለችም፤ አንድ ቃል ካገኘች ቀጣዩን፣ ከዚያም ቀጣዩን ትጠይቃለች።

«ልምምዱን አብዝቼባቸው ነበር» አልኩ።

የሰው ውሸት ስመዘግብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ድምፄ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ልጅየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የመገላገል ዓይነት ነበር። እናትየው ሱሪያቸውን አውርደው ተነሡና እጄን ጨበጡኝ፤ ረዘም ላለ ጊዜ። ለንስሐ አባታቸው ነግረው ተቀይሮላቸው ይሁን፣ ወይ ዝም ብለው ትተውት፣ ከመዳፋቸው ላነብ ሞከርኩ። መዳፋቸው አሁንም ሻካራ ነው። ምንም አላገኘሁም።

ወጡ። ባለቤቱ አጠገቤ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የማታውን ክፍል ቁልፍ እንድሰጠው ጠየቀኝ።

እኔ የማዳምጠው ደረጃውን ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ እርከን ላይ ሁለቱንም እግራቸውን ሳያሳርፉ ቀጣዩን አይወርዱም ነበር። አሁን አንድ እርከን አንድ እግር፣ አንድ እርከን አንድ እግር ይላሉ። ልጅየዋ ከኋላቸው «ቀስ በይ እንጂ እማዬ» ትላለች። አይሰሟትም።

«ቁልፉን» አለኝ ባለቤቱ።

«ጠብቀኝ» አልኩት። «ወርደው ይጨርሱ።»