የመስታወቱ ጥያቄ

ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መላጣ ነው። ደንበኞቹ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል፤ እሱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "የራሴን ጨርሼ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት" ከማለት ሌላ መልስ አልፈለገም። ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም አግዳሚና ዳር ዳሩ የጠቆረ ትልቅ መስታወት አለው። ፀጉር አስተካካዩን ከሁሉ በላይ እንግሊዝኛው ይቆጨዋል፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመዝገበ ቃላቱ አንድ ትርጉም ይመርጥና መስታወቱ ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። ቃሉን አይጽፍም። ቃሉን ያገኘ ደንበኛ ወረፋ ሳይጠብቅ ወንበር ላይ ይወጣል።

ለዓመታት የሚያገኙት ቲቸር ነበሩ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ፀጉር አስተካካዩን ጨምሮ የሰፈሩን ግማሽ አስተምረዋል። አንድ ቅዳሜ "ብረት ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት አስቀምጦ የሚመታበት" የሚል ተጽፎ ከደንበኞቹ አንዱ የሆነው ታክሲ ነጂ ገና የመጀመሪያውን ቃል ፊደል ሲቆጥር፣ ቲቸር ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ "አንቪል" ብለው ቁጭ አሉ። ቅድሚያውን ግን ተጠቅመውበት አያውቁም። አሸንፈው አግዳሚው ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው፤ የሚመጡት ለጨዋታው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ከጊዜ በኋላ ቃል ይጠፋባቸው ጀመር። "አፌ ላይ መጥቶ ጥሎኝ ሄደ" ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ደግ የሠራ መስሎት ትርጉሞቹን አቀለላቸው። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ቅዳሜ "ቤቱ ከቤትህ ቀጥሎ ያለ ሰው" ብሎ ጻፈ።

ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ቲቸር ተራቸው ደርሶ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ አንድ ጉንጫቸው ተላጭቷል፣ ሌላው አረፋ ነው። አነበቡት። እንደገና አነበቡት። መልሱ ኔበር መሆኑን ከእሳቸው በቀር ያላወቀ አልነበረም፤ ከጎን ጎማ የሚለጥፈው፣ እንግሊዝኛው ከአንድ እስከ አሥር የሆነው ጎሚስታ እንኳ አውቆታል። ግን ያስተማሩህን ሰው ቀድመህ እንዴት ትመልሳለህ? ይሉኝታ የሁሉንም አፍ ለጎመው። አንዱ ስልኩን አየ፣ ሌላው ጫማውን። ቲቸር ይህን ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ያያሉ።

"ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አይደል?" አሉ።

ቲቸር አረፋውን በፎጣው ጠረጉና ኮታቸውን ለብሰው፣ አንዱ ጉንጫቸው እንዳልተላጨ ወጡ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀሩ። ፀጉር አስተካካዩ ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያይ ዋለ፤ የአንዱንም ደንበኛ ጆሮ በመቀስ ነካ አደረገው። በማግስቱ ነርስ የሆነችው ባለቤቱ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ያብሰለስልሃል? የሰው ግማሽ ጢም ጥለህ ነው የተቀመጥከው። ሂድና ጨርስ።"

ምላጩን፣ ሳሙናውንና ንጹሕ ፎጣ ይዞ ቲቸር ቤት ሄደ። ቲቸር በሩን ሲከፍቱ የአንዱ ጉንጫቸው ጢም ከሌላው የአንድ ሳምንት ቀዳሚ ነበር። ሳቁን ዋጠና መስኮቱ ሥር አስቀመጣቸው።

"ቅዳሜ ጠፉብን፣ ቲቸር።"

"መጥቼ ምን ልሁን? እንድታዝኑልኝ?"

"ለክብርዎ ብለን እኮ ነው።"

"ክብሩ ይቅርብኝ። መርሳቱን ለምጄዋለሁ፤ ሐኪሙም ከዕድሜ ነው ብሎኛል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ስድሳ ልጅ አንዱ ባንዱ ላይ ሲንጫጫብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሽተኛ የተኛበት ቤት እንኳ እንደዚያን ቀን ጭጭ አይባልም።" ጉንጫቸው ተላጭቶ ሲያልቅ ጨመሩ። "አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ። ያን ቀንም ዝም ካላችሁኝ ግን፣ ከዚያ በኋላ ጢሜን እዚሁ ራሴ እላጫለሁ።"

ሳምንቱን ሙሉ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን ቲቸር ቃል ቢጠፋባቸው ዝም እንዳይሉ አንድ በአንድ ለመነ። ሁሉም እሺ አሉ። ታክሲ ነጂው እንዲያውም "እኔ ካልጮህኩ ምን አለ በለኝ" ብሎ ፎከረ።

ቅዳሜ ቲቸር መጡ። ወንበሩ ላይ ወጥተው መስታወቱ ላይ የተጻፈውን አነበቡ፦ "ሁለት ቋሚና ብዙ አግዳሚ ያለው፣ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጫ።"

"ይሄማ..." አሉ። "ግድግዳ ላይ የሚደገፈው... ምን ነበር..."

ታክሲ ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ጎሚስታው ጥፍሩን መመርመር ጀመረ። ለካ ቃል መግባትና አፍ መክፈት ለየቅል ናቸው። የፀጉር አስተካካዩ መላጣ በላብ ችፍ አለ። የቲቸር እጅ ቀስ ብሎ አንገታቸው ላይ ወዳለው ፎጣ ሲሄድ አየ።

"ላደር ነው፣ ቲቸር" አለ፣ ድምፁ ከሚገባው በላይ ጎልቶ።

ሁሉም ዞሮ አፈጠጠበት።

"እንዴ፣ ራስህ ጽፈህ ራስህ?" አለ ታክሲ ነጂው። "ይሄማ ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው።"

"እኔ እኮ ልለው ስል ነው የቀደመኝ" አለ ጎሚስታው።

"አንተ? ላደርን የምታውቀው ከላዩ ስትወድቅ ነው።"

"ከአንተ ስፔሊንግ ግን ይሻላል።"

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም፤ ተራ የሚጠብቁትም ገቡበት። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ቆመ፤ በእንዲህ ያለ ሁካታ ማንንም መላጨት አይቻልም፣ እሱም አልቸኮለም። ደስ ብሎታል። ቲቸር እጃቸውን ከፎጣው ላይ አነሱና በመስታወቱ ውስጥ ሁሉንም በየተራ ገላመጧቸው።

"አንድ በአንድ" አሉ። "እጁን ያላወጣ አይናገርም። አንተ አጭበርባሪው፣ ሌላ ጻፍ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ትርጉም ጻፈ። ቲቸር አነበቡት፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ቃሉን አጡት። ከኋላቸው አምስት እጅ ወጥቷል፤ የጎሚስታው ግሪስ እንደለበሰ ነው። ማንን እንደሚጠሩ ለመምረጥ አልቸኮሉም።