የአሸዋ ነው የተባለው ዛጎል

የሥራ ባልደረቦቿ «ጠብታ» ይሏታል። ቀኑን ሙሉ ፒፔት በሚሉት ቀጭን መምጠጫ ፈሳሽ እየሳበች፣ ጣት በማያክሉ ብልቃጦች ውስጥ ጠብ ስታደርግ ስለምትውል ነው። ስሙን ያወጣላት የላብራቶሪው ዘበኛ ነበር፤ እሷም ሳትቀየም ተቀበለችው። ሥራዋ ከወደቡ ፋብሪካ ለገበያ የሚወጣውን የባሕር ዛጎል ሥጋ መርምራ፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ዝርያና ውስጡ ያለው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሥጋው ከዛጎሉ ተፈልፍሎ፣ በረዶ ሆኖ ሲመጣ ሁሉም ያው ነው፤ ዓይን አይለየውም። የሚለየው ዘረመሉ ነው።

በዚያ ዳርቻ የሚለቀመው ዛጎል ሁለት ዓይነት ነው፤ የአሸዋና የድንጋይ። ባሕሩ አንዳንዴ በዓይን የማይታዩ መርዛም ሕያዋን በዝተውበት ይቀላል። ያን ጊዜ ሁለቱም መርዝ ይሰበስባሉ። የአሸዋው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሰውነቱ ያወጣዋል፤ የድንጋዩ ግን ዓመትም ከዚያም በላይ ይዞት ይቆያል። መርዙን መቀቀልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ባሕሩ ባለፈው በጋ ቀልቶ ስለነበር የድንጋዩን መልቀም ተከልክሎ፣ የአሸዋው ብቻ ነበር የተፈቀደው።

አንድ ጠዋት ጠብታ የጋዋኗን ቁልፍ ሳትጨርስ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። «የአሸዋ» ተብሎ የመጣው ናሙና ውጤቱ የድንጋይ ይላል። ቀጣዩን አየች፤ እሱም የድንጋይ። ከዚያ ወዲያ ያለው የአሸዋ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ እንደገና የድንጋይ።

እናቷ የዚያው ፋብሪካ ዛጎል ፈልፋይ ናት፤ ልጆቿን ያሳደገችውም በዚሁ ሥራ ነው። ፈልፋዮቹ ደግሞ ሲፈለፈል የተቆራረጠውን ሥጋ ወደ ቤታቸው ይዘው መግባት ይፈቀድላቸዋል።

«ተቀላቅሎብኝ ይሆናል» አለች ለራሷ። ስህተቱ የእሷ ቢሆን በወደደች። ሮጣ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ኃላፊዋ ጠና ያሉ፣ ነገር የማያቻኩሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ድገሚው» አሏት።

«እስከ ማታ ይፈጃል እኮ።»

«ይፍጅ። ተሳስተን ፋብሪካውን ብናዘጋ ያን ሁሉ ሰው ሥራ ማስፈታታችን ነው። ያንቺም እናት እዚያ አይደሉ?»

«እሱ እኮ ነው ያስጨነቀኝ!»

«ገብቶኛል። ቢሆንም ሳይረጋገጥ አንድ ቃል ከዚህ እንዳይወጣ።»

ተመልሳ ከበረዶው ሥጋ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቆረጠች። ስትቻኮል የመጀመሪያውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። እንደ ምንም አዘጋጅታ ዘረመሉን ከሚያባዛው ማሽን ከተተችና ፊቱ ቆመች። ማሽኑ ጉዳዩ አይደለም፤ እያሞቀ፣ እያቀዘቀዘ፣ በራሱ ፍጥነት ያጉረመርማል። ብደውልና ስህተት ቢሆን? ባልደውልና እውነት ቢሆን? ጓንቷን መንጭቃ አወለቀችና ደረጃው ጋ ወጥታ ደወለች።

«እማዬ?»

«ምነው በሥራ ሰዓት? ሰው ሞተ እንዴ?» እናቷ የከሰዓት ተረኛ ስለሆነች ቤት ነበረች።

«ማንም አልሞተም። ሰሞኑን የምትፈለፍሉት ዛጎል ተለውጧል?»

እናቷ ሳቀች። «ተለውጧል ወይ ትለኛለች! ወፍራም፣ አልከፈትም ባይ ግትር ሆኖ እጃችንን ጨረሰው። አለቃችንን ብንጠይቀው ያው ነው፣ አርጅቶ ነው አለን። እሱ ራሱ አርጅቶ ይሆናል!»

«ከእሱ በልተሻል?»

«አሁን በቲማቲም ሠርቼ ቀማመስኩ። ምነው?»

«ከንፈርሽ እንዴት ነው?»

«አንቺ፣ በምን አወቅሽ? የጥርስ ሐኪም የወጋኝ ይመስል ደንዝዞኛል። ጣቴም እንደ መንዘር ይለኛል።»

«እማዬ፣ ስሚኝ። የቀረውን እንዳትነኪው። ጎረቤታችን ባለታክሲው ሆስፒታል ያድርስሽ፤ አሁኑኑ! እኔም መጣሁ።»

ወደ ኃላፊዋ ተመልሳ ስትገባ ፊቷን አይተው ተነሡ። የነገረችውን ሰምተው ሳይጨርሱ ስልኩን አነሡ። «ሥራ አቁሙ» አሉ ለፋብሪካው። «ሥጋ ይዘው የገቡትን ሠራተኞች ሁሉ ጥሩ፤ ማንም እንዳይበላው። አዎ፣ ሳይረጋገጥ ነው! ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ሆስፒታል ስትደርስ እናቷ አየር እያጠራት ነበር። ሐኪሟ አልሸነገለቻትም። «ማርከሻ የለውም። መርዙ ከሰውነታቸው እስኪወጣ በመሣሪያ እናስተነፍሳቸዋለን» አለቻት። ጠብታ የእናቷን ጫማ ታቅፋ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ነርሷ ስታልፍ ፊቷን ታነባለች። ወደ ማታ ኃላፊዋ ደወሉ።

«የድንጋይ ነው» አሏት። «ልክ ነበርሽ።»

ጠብታ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተሳስቼ በሆነ እያለች ስትማጸን ነበር።

በማግስቱ እናቷ በራሷ መተንፈስ ጀመረች። ቱቦው ሲወጣላት በሰለለ ድምፅ የጠየቀችው ነገር ቢኖር፣ «ፋብሪካው ተዘጋ?» የሚል ነበር።

«ተዘጋ።»

«አንቺ ነሽ ያዘጋሽው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሌሎች ሁለት ፈልፋዮችም ታመው ነበር፤ ቀለል ብሏቸው ዳኑ። ዛጎሉን ለፋብሪካው የሚለቅሙት ጠላቂዎች ሲጠየቁ አሸዋው ላይ የሚለቀም ስለጠፋ ወደ ድንጋዩ መሄዳቸውን፣ አለቃውም እያወቀ መቀበሉን አመኑ። አለቃው ታሰረ፤ ፋብሪካው ግን ለወራት ተዘግቶ ቆየ። ሰፈር ውስጥ ጠብታን እያዩ መንገድ የሚቀይሩ በዙ። እናቷም ቢሆን ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ «ብዪ»፣ «ተኚ» ከማለት በቀር አታናግራትም ነበር።

አንድ ቀን ግን አንዲት ጎረቤት ደጃፍ ላይ፣ «ያቺ ልጅሽ እንጀራችንን ዘጋችው» ስትል፣ እናቷ ብድግ አለች። «ባትደውልልኝ ኖሮ ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ነበርሽ! ያኔ ማን እንጀራ ሊበላ?» አለቻት። ጠብታ ከበሩ ኋላ ሰማችና ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

አሁን ፋብሪካው ተከፍቷል፤ የየጀልባው ምርት ሳይመረመር አይፈለፈልም። እናቷም ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ጠብታ ግን ጭንቀቱ አልለቀቃትም። ከሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ስልኩ ቶሎ ካልተነሣ ከወንበሯ ተነሥታ ትንቆራጠጣለች። እናቷም ይህን ስለምታውቅ ቢላዋዋን ታስቀምጥና በእርጥብ እጇ ታነሣለች።

«አለሁ፣ አለሁ። ሥራሽን ሥሪ።»