አንድ እቅፍ ጓሳ

በዚያን ጊዜ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሞተር ብስክሌት የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን እውነት ነው። ወደ ሌላ አውራጃ ከተዛወረ የጤና ረዳት ላይ ነው የገዛሁት። ፍሬኑ ያንገራግራል፣ የኋላ ጎማው ሦስት ቦታ ተለጥፏል። እኔ ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ከተሜ፣ ደሞዝተኛ አስተማሪ። ምን ያስፈራኛል?

የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ጥር ላይ ሲደርስ፣ የጓሳን ሜዳ አቋርጬ ብቻዬን ግሼ ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ አልኩ። ያውም በየሰው ደጅ "የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ" እያልኩ ሳይሆን የራሴን ድንኳን ተክዬ እያደርኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። አንዱ "ውርጩ አጥንትህን ይለቅመዋል" አለኝ። ሌላው ደግሞ "መንዝ ውስጥ ቤት ሞልቶ ሜዳ ላይ የሚያድር ወይ ሽፍታ ነው ወይ እብድ" አለ። "እኔ ማንም አያስፈልገኝም" አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ አልወድም።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ። የሸራ ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጠርሙስ ቤንዚንና አንድ ከረጢት በሶ ከኋላዬ ጭኛለሁ። የታጨደው የገብስ ማሳ እንዳለቀ መንገዱ የበቅሎ መንገድ ሆነ። በአንደኛ ማርሽ እየተንገዳገድኩ፣ ድንጋይ ሲበዛ ወርጄ እየገፋሁ፣ ወደ እኩለ ቀን ላይ ጓሳው ውስጥ ገባሁ።

ያን አገር ያላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው። ሜዳው ስሙን በሰጠው፣ እስከ ወገብ በሚደርስ ጓሳ ተሸፍኗል፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድነት ይተኛና ባንድነት ይነሳል። እዚህም እዚያም የጅብራ ተክል እንደ ምሰሶ ቆሟል። አንድ ቀይ ቀበሮ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ቆም ብሎ አየኝ፤ ሞተሩንም እኔንም ንቆ አይጡን ፍለጋ ሄደ። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ቁልቁል እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል። ሞተሬን አጥፍቼ ገደሉ አፋፍ ላይ በሶዬን በጠበጥኩ። ደስ አለኝ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማንም የማይጠራኝ፣ ማንም የማይፈልገኝ ቦታ ነበር።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ድንኳኔን ተከልኩ። ከገበያ የሚመለሱ ባልና ሚስት አህያቸውን አቁመው፣ "እግዜር ያጥናህ፤ ማን አርፎብህ ነው?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም። ላድርበት ነው።"

ሚስትየዋ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ "ለሰርግ ነው እንዳንል ሙሽራ የለ" አለችና ሄዱ።

መሬቱ ከአሁኑ በረዶ ሆኗል። በካራዬ አንድ እቅፍ ጓሳ ቆርጬ ከሸራው ሥር ጎዘጎዝኩና እንደ ንጉሥ ተኛሁ።

በማለዳ አንድ ሰው ድንኳኔን በዱላ መታ መታ አደረገው። ብቅ ብል፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የተከናነቡ ሽማግሌ ቆመዋል።

"እንዴት አደሩ አባቴ" አልኩ። በዱላቸው ጫፍ ከሸራው ሥር የወጣውን ጓሳ ነካ አደረጉት።

"ይህን ማን አጨደው?"

"እኔ።"

"ዝግ መሆኑን ሳታውቅ ነው?"

"ምኑ ነው ዝግ?" አልኩ። እውነቴን ነው፤ ሜዳ ይዘጋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ሽማግሌው ውርጩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከል ገሳ እንዲደርስ አራት ዓመት ተዘግቶ ቆይቷል፤ ሊከፈት የቀረው አንድ ወር ነው። ባለድርሻው ሁሉ በተራ ይጠብቃል፣ ይህ ሳምንት ደግሞ የሳቸው ተራ ነው። በተራው ጓሳ የታጨደበትና አጫጁን ሸንጎ ፊት ያላቀረበ ጠባቂ፣ በመክፈቻው ዕለት የራሱን ድርሻ ያጣል።

"ጣራዬ አልቋል" አሉኝ። "ያለፈውን ክረምት ከባለቤቴ ጋር መኝታችንን ከጥግ ጥግ እያዞርን ነው የከረምነው። የዘንድሮን ክረምት ያለ ጓሳ አንሻገረውም። ሸንጎው ደግሞ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በእግራችን ሳንደርስ ይበተናል።"

"ይህ ነው የቸገረዎት? በሞተር አደርስዎታለሁ" አልኩ። አንድ እቅፍ ሳር ነው፤ ይቅርታ ብዬ መንገዴን እቀጥላለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ድንኳኔን ነቅዬ ዕቃዬን ስጭን ሽማግሌው ሞተሩንም እኔንም በጥርጣሬ ያዩን ነበር። "በዚህ ብትሮጥ ምን ይይዝሃል?" አሉና ተነሥተው የባናቸውን ጫፍ ከካፖርቴ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። "በድሮው ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። በእግራቸው ነበር እንጂ" አሉ። ያጨድኩትን ጓሳም ማስረጃ ነው ብለው በጭናቸው ላይ ይዘው ከኋላዬ ተፈናጠጡ።

ብቻዬን የምሄደው ጉዞ በዚህ አለቀ። ሽማግሌው በጆሮዬ ሥር አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ቁልቁለት ላይ ስንደርስ አቋረጡና፣ "ይህ ነገር ልጓም የለውም?" አሉ።

"ፍሬን አለው።"

"እንግዲያ ያዘዋ።"

አንድ ዳገት ላይ ሞተሩ ሁለት ሰው መሸከም አቃተው። ቋጠሮውን ፈትተው ወረዱ፤ እኔ ብቻዬን ወጣሁ። አናቱ ላይ ደርሼ ዞር ስል ሽማግሌው ታች ናቸው፤ በዱላቸው እየተመረኮዙ ጓሳውን አቅፈው ይወጣሉ። ከፊቴ መንገዱ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ሸንጎው ወደሚቀመጥበት ቤተክርስቲያን፣ አንዱ ወደ መሐል ሜዳ። ሞተሩ አልጠፋም። ስሜን አያውቁም፤ በሞተሬ አፈላልገው ተማሪ ቤት ድረስ ቢመጡ እንኳ ብክድ ማን ያምናቸዋል? እግሬ ማርሹ ላይ ነበር። አልዋሽም፣ ብዙ ቆሜ አሰብኩበት። መጨረሻ ላይ አጠፋሁት፤ ደግ ሆኜ ግን አይደለም። "ያ አስተማሪ ከአንድ ሽማግሌ ሸሸ" መባሉን ትዕቢቴ አልችል ስላለኝ ነው። ደርሰው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ እንደገና ቋጠሩን።

ሸንጎው ከቅጽሩ ውጭ ጥድ ሥር ተቀምጦ ደረስን። በሞተር ላይ ተቆራኝተን ስንመጣ ያየ ሁሉ ሳቀ፣ ጓሳውን ሲያይ ግን ሳቁን አቆመ። ሽማግሌው ክሳቸውን ባጭሩ ተናገሩ። የጓሳው አለቃ፣ ነጭ ጺም ያላቸው ሰው፣ ምን እንደምል ጠየቁኝ። እኔም ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠባቂው ጥፋት የለባቸውም። እንግዳ ስለሆንኩ አላወቅኩም። ደግሞም ያጨድኩት ጥቂት ሳር ነው።"

"ሳር ነው አለ" አለ አንዱ ከኋላ። ጉርምርምታው ተነሣ።

"ልጄ" አሉኝ አለቃው፣ "ሳር ከብት የሚበላው ነው። ይህ ቤታችን ነው።" ከዚያ ፍርዱን ሰጡ። እስኪከፈት ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ መጥቼ ከጠባቂዎቹ ጋር እንድጠብቅ። ቀላል ነው ብዬ ገና እፎይ ሳልል፣ "ዋስ ጥራ" አሉኝ።

"የተማሪ ቤቱ ዳይሬክተር ይዋሱኛል።"

"ድርሻ አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ድርሻ ያለው ዋስ ጥራ። አንተ ብትቀር የሚቀጣው እሱ ነውና።"

ዙሪያዬን አየሁ። መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፣ አንድም የማውቀው የለም። በየደጁ ገብቼ ባድር ኖሮ ቢያንስ አንድ ባለቤት አውቅ ነበር። ፊቴ ጋለ።

"ሰው የለህም?" አሉ አለቃው። በክፋት አልነበረም የጠየቁት፤ አዝነውልኝ ነው። እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ።

ካፖርቴን ሳብ ያደረገኝ ቋጠሮ ነው ያስታወሰኝ። "አለኝ" አልኩ። "እሳቸው ናቸው።"

አንዱ ፈገግ አለ፣ ሌላው ጉድ ነው አለ። አለቃው ሽማግሌውን አዩዋቸው። "ከሳሽ ዋስ ሲሆን አላየሁም፤ ደንቡም አይከለክልም። ግን አስብበት። ይህ ልጅ አንድ ቅዳሜ ቢቀር ድርሻህ ሄደ። ከተሜ ነው፣ በሞተር የሚበር ነው። ምኑን አምነህ ነው?"

ሽማግሌው ቋጠሮውን በጥፍራቸው መፍታት ጀመሩ። እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ልቤ ወረደ።

"ዛሬ ዳገቱ ላይ" አሉ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ "ልቡ ሸፍቶ ነበር። ከታች ሆኜ ሳየው ነበር። እግሩ ግን ቆመ። ያልተፈተነ ሰው ከምዋስ የተፈተነውን እዋሳለሁ። ዋሱ ነኝ።"

ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። እዚያ ሰው መሐል ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ቤንዚኑ ዓይኔ ገባ አልኩ።

ግሼን በዚያ ዓመት አላየሁትም። አራቱንም ቅዳሜ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ካንዴላው ሞተና ሞተሩን ቤት ጥዬ፣ ዶሮ ሲጮህ ወጥቼ በእግሬ ደረስኩ። ተራቸው ባይሆንም ሽማግሌው ጥበቃው ላይ እየመጡ በሶአቸውን ያካፍሉኛል፤ ስለ ዋስትናው አንድ ቀንም አንሥተው አያውቁም።

በመክፈቻው ዕለት ከየአጥቢያው የመጣው ሰው ሜዳውን ሞላው። አለቃው የባለድርሻዎችን ስም እየጠሩ ወደ ሽማግሌው ሲደርሱ ድርሻቸውን አጸኑላቸው፤ ቀጥለውም ዋስትናው ወርዷል ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ሽማግሌው ወደቆምኩበት መጡ።

"በል እንግዲህ ነጻ ነህ" አሉኝ። "ከአሁን ወዲያ ማንም አይፈልግህም። ሂድ።"

ሞተሬ እዚያው ቆሟል፣ ቤንዚኑም ሙሉ ነው። መንገዱም ደረቅ ነበር።

"ማጭድ ይኖርዎታል?" አልኳቸው።

ባናቸውን ገለጥ አደረጉ። ሁለት ይዘው ነበር የመጡት።